ልጡስ?

መሐል ሜዳ ሳለን፣ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ፣
ከወፍጮ ቤቱ ደጅ ውሻ ባቴን ያዘኝ።
ስሙ ማን አለብኝ፣ ጌታው ያወጣለት፣
ጥቁር፣ ጠጉረ ረጅም፣ ዝናብ የዋለበት።
ሞተሩ ቱፍ ቱፍ ሲል፣ ዱቄት ሲቦን ባየር፣
ይዞ ሲጎትተኝ ያየሁት ጠጉሩን ነበር።
ጥርሱን እስከ ዛሬ አላውቀውም።

ቁስሉ በሳምንት ጠገገ፤
ፍርሃቱ ግን አደገ፣
እንደ ፈሰሰ ዘይት ዳር ዳሩን እየፈለገ።
መጀመሪያ ጥቁር ውሻ፤
ቀጥሎ ማናቸውም ውሻ፣
ነጭ ቢሆን፣ ታስሮ ቢውል ካጥር መጨረሻ።
ቀጥሎ የእትዬ ዘርፌ ጥቁር በግ፣
በረት ቆሞ ሲያመነዥግ፣
ምንም ሳያደርገኝ፣ ምንም ሳያደርግ።
ቀጥሎ የምለብሰው ባና፤
ቀጥሎ፣ እዚህ ላይ ብዕሬ ትቆምና፣
የአባዬ በርኖስ።

ማታ ነው። ከሰኔ ጭጋግ ወጥቶ፣
በርኖሱ ካፊያ ጠጥቶ፣
"የታለች ልጄ?" አለ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ።
ያ እርጥብ የጠጉር ሽታ ሞላን፣ ቀድሞት ገብቶ።
ጮኽኩ።
ለማን አለብኝ እንኳ እንዲያ አልጮኽኩ።
መደብ ሥር ገብቼ ግድግዳ ቧጨርኩ።

ጎረቤት ሳቀ። "እባብ ያየ በልጥ በረየ"
ተባለ፤ ነገሬ በተረት ታየ።
ተረቱ እባቡን ያውቃል፣
የበረየውንም ያውቃል፤
ልጡን ግን፣ እዚያው መሬት ላይ የቀረውን፣
ማን ይጠይቀዋል?

ከዚያ ማታ ወዲህ አባዬ
በርኖሱን ደጅ ያወልቃል፣
አጥር ላይ ይሰቅለዋል፣
በሸሚዝ ብቻ ይገባል።
የመንዝን ቁር ያየ ያውቀዋል።
ክረምቱ ወጣ፤ ውርጩ መጣ፤ እሱ እንዲያው ነው፤
ሰው በጥቅምት አጥንት ሲግጥ፣ አባዬን ሳል ጋጠው።

እትዬ ዘርፌ ፈታይ ናት፤ ወሬ አታበዛም።
ከደጃፏ አስቀመጠችኝ። አታባብልም፣ አትቆጣም።
አንድ እፍኝ ነጭ የበግ ጠጉር ከሩቅ አኖረች፣
አንድ እፍኝ የባቄላ አሹቅ ከጎኔ አፈሰሰች።
"ይኼ ይነክሳል?"
"አይነክስም።"
"እንግዲያ ብይ።"
በማግሥቱ ግራጫ፤ በሠልስቱ ቡላ፤
በየቀኑ ስንዝር ቀረብ፣ በየቀኑ አንድ ባቄላ።
ጥቁሩ የመጣ ዕለት ላብ አጠመቀኝ፤
ከጎኑ የውሻ ጠጉር አኑራ "ዳሺው" አለችኝ።
የበጉ ቅባት አለው፣ ጣት ላይ ይጣበቃል፤
የውሻው ደረቅ ነው፣ ሾልኮ ይወድቃል።
"ይኼኛው?" "ይነክሳል።"
"ይኼኛውስ?"
ዝም አልኩ። ከዚያ አሹቁን አነሣሁ።
"ደፋር ሁኚ አላልኩም" አለች፣ እንዝርቷን እያሾረች፣
"አጣሪ ሁኚ ነው ያልኩ።"

በገና ማግሥት በርኖሱን ራሴ ካጥር አወረድኩት፤
ከብዶኝ፣ መሬት እየጠረገ፣ ቤት ድረስ ጎተትኩት።
አባዬ ምንም አላለም። ሳለ ብቻ።

ደብረ ብርሃን ኮሌጅ ስገባ፣ አንድ መምህር
ሰሌዳው ላይ ጉብታ ሣለ፣ እንደኛ አገር ምድር፤
"ጫፉ ላይ ያለው የነከሰው ነው" አለ፤
"ከሱ እየተለየ ሲሄድ ፍርሃቱም ዝቅ እያለ..."
ሁሉም ጻፈ።
እኔ ቁልቁለቱን ዐይኔ ተከተለው፤
ከታች፣ ጠመኔው ሊያልቅ ሲል፣
በሸሚዝ የቆመ ሰው አለ።

አባዬ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው።
ትናንት መናኸሪያ፣ የመሐል ሜዳው አውቶቡስ ሲጫን፣
ጥቁር በርኖስ፣ ጎበጥ ያለ ትከሻ፣
ሳል።
እትዬ ዘርፌ ያን ሁሉ አሹቅ በከንቱ አበላችኝ፤
ልቤ አልለየም። እግሬም አልለየም።
ሮጬ ክንዳቸውን ያዝኩ፤
ጣቴ ላይ ቅባቱ ቀረ።
ዞሩ። ሌላ ዐይን፣ ሌላ ጢም።
"ምነው ልጄ?" አሉኝ።
"ይቅርታ አባቴ" አልኩ፤
"ሰው መስለውኝ ነው።"